ቃል የተገባውና የገባው

(ለእድር የገቢ ማሰባሰቢያ ኮሚቴዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እሑድ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁኛልና ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስት እድሮች ተባብራችሁ ለሰፈሩ ልጆች የንባብ ቤት ልትሠሩ እንዳሰባችሁ ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። ባለፈው ሳምንት ከኮሚቴው አንዱ ደውሎልኝ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው አዳራሽ ይሻለናል?» የሚል ነበር። «አዳራሹን ለመጨረሻ እናቆየው» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩት ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

በ2009 ዓ.ም. ነው። ክፍለ ሀገር አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን የተማርን ልጆች አዲስ አበባ ላይ ተሰባሰብን። ትምህርት ቤቱ ለሴት ተማሪዎች የሚሆን መጸዳጃ ቤት አልነበረውም። አንዲት መምህርት የሰባተኛ ክፍልን የስም መጥሪያ ደብተር አምጥታ አሳየችን። በየወሩ ሦስት፣ አራት ቀን የሚቀሩት እነዚያው ልጆች ናቸው። ደብተሩ ላይ የቀሪ ምልክቱ ተደርድሮ ይታያል። ወሩን ገልጣ ሌላ ወር ስታሳየን፣ እዚያም ያው ስም፣ ያው ምልክት። ለምን እንደሚቀሩ ማንም ማብራራት አላስፈለገውም። እዚያው ኮሚቴ አቋቋምን።

ከዚያስ? አዳራሽ ተከራየን። እራት አዘዝን። ባነር አሠራን። ሁለት መቶ ሰው ጠራን። መድረክ መሪው ጎበዝ ነበር። «አቶ እገሌ 50 ሺህ!» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ይናጋል። ከአጠገባቸው የተቀመጡት ሰውዬ ቀና ይላሉ። «እኔም 50!» ይላሉ። እንዲህ እየተባለ በአንድ ምሽት 640 ሺህ ብር ቃል ተገባ። እየተቃቀፍን ወጣን። አንዳንዶቻችን አልቅሰናል።

በዓመቱ ስንቆጥር የገባው 270 ሺህ ነበር። ለአዳራሹ፣ ለእራቱና ለባነሩ የወጣው 95 ሺህ። ለመጸዳጃ ቤቱ የቀረን 175 ሺህ ብር ነው። ሥራው ከመሠረት ሳይወጣ ቆመ።

እኔ ከገንዘቡ በላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነገር ነው። ቃል ከገቡት ብዙዎቹ ወዳጆቻችን ነበሩ። ስንደውል ስልክ አያነሱም። መንገድ ላይ ሲያዩን ይሻገራሉ። የልጅነት ጓደኛዬ ልቅሶ ቤት አግኝቶኝ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ገንዘቡንም አጣን፣ ሰውንም አጣን።

ለረጅም ጊዜ ሰዎቹን ስወቅስ ነበር። ቆይቶ ግን ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ገባኝ። ያንን ምሽት ያቀድነው በይሉኝታ ላይ ነው። ይሉኝታ ሰውን ከአቅሙ በላይ ቃል ያስገባዋል። በማግስቱ ደግሞ ያው ይሉኝታ «አልቻልኩም፣ ልቀንስ» ብሎ እንዳይናገር አፉን ይይዘዋል። 50 ሺህ ያለ ሰው 10 ሺህ ይዞ መምጣት ያፍራል። ስለዚህ ምንም አያመጣም። 10 ሺሁን በግል ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ በደስታ ይሰጠን ነበር።

ለዚህ ነው ቃል የተገባ ብርና የገባ ብር አንድ አይደሉም የምለው። በመሃላቸው መንገድ አለ። ያንን መንገድ አስቀድሞ መጥረግ ነው እቅድ ማለት።

እድር ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። እድር ውስጥ ማንም ተነስቶ «ይህን ያህል እሰጣለሁ» ብሎ አያስጨበጭብም። መዋጮው የታወቀ ነው። ቀኑ የታወቀ ነው። የሚቀበለው ሰው የታወቀ ነው። ያላመጣ ይቀጣል። ለዚህም ነው ስንት ዘመን ሳይፈርስ የቆየው። የሕዳሴውን ግድብም አስታውሱ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል ሠራተኛው የወር ደመወዙን ነበር ቃል የገባው። የወር ደመወዝ በአንዴ ስጥ ቢባል ማን ይችላል? በዓመት ተከፋፍሎ ከደመወዝ ላይ እየተቆረጠ ገባ። ሌላው ቦንድ ገዛ፣ ሌላው በ8100 በስልኩ ላከ። ብሩ የሚገባበት በር ከቃሉ ጋር አብሮ ተበጅቶ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔ ያሰብኩት በየወሩ ትንሽ ትንሽ የተቆረጠባቸውን ሰዎች ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ አዳራሽ አልነበረም። አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዛን።

መጀመሪያ የሚሠራውን ነገር በዋጋ አወቅነው። ግንበኛ ይዘን ሄድን። ብሎኬት ስንት፣ ሲሚንቶ ስንት ኩንታል፣ አሸዋ፣ ቆርቆሮ፣ በር፣ የውሃ ታንከር፣ የእጅ ዋጋ። ከሁለት ሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰበሰብን። የአካባቢው ገበሬዎች ጉድጓዱን በደቦ እንደሚቆፍሩና ድንጋዩን እንደሚያቀርቡ ቃል ገቡ። እሱንም በብር ተምነን መዝገብን፤ መዋጮ ነውና። በመጨረሻ 900 ሺህ ብር ያስፈልገናል አልን። ለዋጋ ጭማሪ የያዝነውም እዚሁ ውስጥ አለ። ይህን አትርሱ። በእኛ አገር የዛሬ ፕሮፎርማ ከሦስት ወር በኋላ አይሠራም። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ስለዚህ ብሩ በገባ ቁጥር ዕቃ ግዙ። ባንክ የተቀመጠ ብር ይቀልጣል፤ መጋዘን የተቀመጠ ቆርቆሮ አይቀልጥም። ሲሚንቶ ግን ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ይበላሻል፤ እሱን ሥራው ሲደርስ ግዙ።

ከዚያ 900 ሺሁን በሰው ከፋፈልነው። እዚህ ላይ ቀስ ልበል፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ብዙ ኮሚቴ «ዘጠኝ መቶ ሰው አንድ አንድ ሺህ ቢሰጠን» ብሎ ያሰላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ዘጠኝ መቶ ሰው የሚያንኳኳ ኮሚቴ ግን የለም። እኛ እንዲህ አሰብን። 150 ሺህ የሚሰጥ አንድ ሰው ወይም ድርጅት። 60 ሺህ የሚሰጡ ሦስት። 20 ሺህ የሚሰጡ አሥር። 6 ሺህ የሚሰጡ ሠላሳ። የቀረውን 190 ሺህ ደግሞ አንድ አንድ ሺህ ከሚሰጡ 190 ሰዎች። ደምሩት፣ 900 ሺህ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አራት ሰጪዎች ብቻ ካያችሁ 530 ሺህ ነው። ከግማሽ በላይ። የኮሚቴው ጉልበት በመጀመሪያ ወደ እነዚያ አሥራ አራት መሄድ አለበት ማለት ነው። ደግሞ ሁሉም እሺ አይልም። አንድ ለማግኘት ሦስት አራት ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለላይኞቹ ብቻ ሃምሳ ስም ያህል ጻፍን።

ደብተሩ ላይ አራት ዓምድ አሰመርን። የሚጠየቀው ሰው ስም። የምንጠይቀው መጠን። የሚጠይቀው ሰው። ገንዘቡ የሚገባበት ቀን። ከአራቱ ትልቁ ሦስተኛው ነው። ሰው የሚሰጠው ለዓላማው ብቻ አይደለም፤ ለሚጠይቀው ሰውም ነው። አንድን ነጋዴ እኔ ብጠይቃቸው አያውቁኝም። የክርስትና ልጃቸው ስትጠይቃቸው ግን ያዳምጣሉ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች ወደ አገራቸው መንገድ እንዲገባ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት ማቋቋማቸውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ስልክ እንኳ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ነው። የነበራቸው የአገር ልጅነት ነው። ጠያቂውም ተጠያቂውም ይተዋወቃሉ።

አጠያየቁስ? ቤቱ ወይም ሱቁ ድረስ ሂዱ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። እኔ እንዲህ ነበር የምለው፦ «ጋሼ፣ የመጣሁት ስለ ትምህርት ቤታችን ልጠይቅዎት ነው። ለሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት እየሠራን ነው። እኔ ይህን ያህል አዋጥቻለሁ። እርስዎ 20 ሺህ ቢያግዙን ብለን አስበናል።» ከዚያ ዝም። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን እናንተ ቀድማችሁ አታፍርሱት። «የቻሉትን» የምትለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጧት። «የቻሉትን» ሲባል ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን አውጥቶ ይሸኛችኋል። መጠን ሲነገረው ግን ያስባል። ቢቀንስም ያሰበበት ነውና ይሰጣል። «እሺ» ካሉ ወዲያው «መቼ ይመችዎታል? በአንዴ ነው ወይስ በየወሩ?» በሉ። ቀኑን እፊታቸው ጻፉት። «አልችልም» ካሉም አመስግናችሁ ውጡ። ለአንድ ሾፌር «አልችልም» ማለት «መኪናዬን ግን ልስጣችሁ» ማለት ነበር። አሸዋውን ያመላለሰልን እሱ ነው።

በዚህ መሃል ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ጉሊት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው እዚያ ትምህርት ቤት ትማራለች። እኛ ልንጠይቃቸው አላሰብንም፤ ደብተሩ ላይም የሉም። አንድ ቀን ጠርተው አስቆሙኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ተጣጥፎ የጠበበ ሁለት መቶ ብር አወጡ። አመስግኜ ልሄድ ስል «ቆይ እንጂ ልጄ፣ ደረሰኙስ?» አሉኝ። ደረሰኝ አልያዝኩም ነበር። «እንግዲያው ነገ ይዘህ ና» ብለው ብሩን መልሰው ቋጠሩት።

በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያለ ደረሰኝ ካርኒ ከቤት አልወጣንም። ተከታታይ ቁጥር ያለው፣ ቅጂ የሚቀር፣ ማኅተም ያረፈበት። ለሁለት መቶም ለሃምሳ ሺህም ያው ደረሰኝ። እኒያ እናት ያስተማሩኝን በየትኛውም ስልጠና አላገኘሁትም።

ስለ ገንዘቡ ማስቀመጫም ጠበቅ አድርጌ ልናገር። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ቴሌብር አትሰብስቡ። ሰውዬው መልአክ ቢሆንም አታድርጉት። ሰውዬው ታሞ ሆስፒታል ቢገባ ገንዘቡ ይታገታል። ሐሜት ቢነሳ ደግሞ ንጹሑ ሰው ይጎዳል። እናንተ እድር ስላላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በእድሩ ስም የተለየ ሒሳብ ይከፈት። ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለቱ ካልፈረሙ አይወጣ። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ለዚህ የሚያስፈልገውን የወረዳ ደብዳቤ አስቀድማችሁ ጨርሱ። አደባባይ ላይ ልትሰበስቡ ካሰባችሁም የሚያስፈልገውን ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቶምቦላ ለማውጣት ካሰባችሁ ደግሞ ያለ ፈቃድ ዕጣ መሸጥ አይቻልም።

ወጪስ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113/2011፣ ድርጅቶች ለአስተዳደር የሚያወጡት ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። አዋጁ እድርንና እቁብን አይመለከትም። ለመለኪያ ግን ጥሩ ነው። እኛ በመጀመሪያው ምሽት ከገባው ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጥ ለአዳራሽና ለእራት አውጥተን ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ጊዜውንም ምረጡ። መስከረም አይሆንም። በዓሉ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ አለ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከተማ ላይ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። ገበሬውን ግን ምርት ከገባ በኋላ ጠይቁት። ድርጅቶችን ከሐምሌ በፊት ቅረቡ፤ ብዙዎቹ በጀታቸውን የሚይዙት ያኔ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ማንንም አትጠይቁ። ረመዳን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘካና ሰደቃ የሚያወጡበት ወር ነው። ዘካ ለማን እንደሚሰጥ በሃይማኖቱ የተወሰነ ስለሆነ ለንባብ ቤት ይሆን እንደሆነ መጀመሪያ ከኢማሙ ጋር ተነጋገሩ።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁን እንደምታስቡ አውቃለሁ። ስማቸው ደብተሩ ላይ ይግባ። ግን ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ገንዘቡን በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ አይልክም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው በስሙ መክፈት አለበት። ያ ሰው ደግሞ ለምን እንደሰበሰበና የት እንዳደረሰው ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ያሉት የሰጡትን ከግብር ላይ ማስቀነስ የሚችሉት እዚያው በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ሲሰጡ ነው። የምታውቁት እንዲህ ያለ ማኅበር ካለ ከታኅሣሣችን አጋማሽ በፊት አነጋግሩት፤ የእነሱ ዓመት የሚዘጋው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነውና። ሦስተኛው የምፈራው ነው። ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችንን «እዛ ካሉት ልጆች ሰብስቢልን» አትበሉ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ በሕግ ያስቀጣል። በዋትስአፕ ቢሆንም። እያንዳንዷ የራሷን ለቤተሰቧ ትላክ፣ ቤተሰቧ እዚህ በስሟ ደረሰኝ ይቁረጥላት። አንዲት ልጅ በእኛ ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ እንድትቆም አንፈልግም።

ሰው እንዲሰጥ አምጥታችሁ አሳዩት። መቄዶንያን ተመልከቱ። ቢኒያም በለጠ ከጎዳና ያነሳቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ያሉበትን ግቢ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ልደቱን፣ ሠርጉን እዚያ ሄዶ ምሳ በማብላት የሚያከብር ስንት ሰው አለ። ያየ ሰው ደግሞ ለሌላው ይነግራል። እናንተም ንባብ ቤቱ የሚሠራበትን ቦታ ጥረጉት። ምሽት ላይ በመንገድ መብራት ሥር የሚያጠኑትን ልጆች ለሚመጣው እንግዳ አስተዋውቁት። ልጆቹን ግን ፎቶ አንስታችሁ ለልመና አትጠቀሙባቸው። ነገ ትልቅ ሰው ሆነው ያንን ፎቶ ያዩታል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ አዳራሹ ይምጣ። እኛም በመጨረሻ ዝግጅት አድርገናል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ቡናና ዳቦ ይዘን። ያን ጊዜ ግን 900 ሺሁ ውስጥ 700 ሺህ ያህሉ ገብቶ ነበር። መድረክ ላይ የተነበበው የገባው ብቻ ነው። የሰጡት መጠን እንዲነገር ያልፈለጉ ሰዎች ስማቸው ብቻ ተነበበ። ማንም አልተሸማቀቀም። የቀረውም እዚያው ቀንና በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ገባ።

ከዚያ ሪፖርት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ገጽ። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተገዛ፣ አንድ ፎቶ። በቴሌግራም ለሁሉም፣ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በወረቀት። አንዴ አሸዋ ተታለን ገዝተን ነበር፤ አፈር የበዛበት። እሱንም ጻፍነው። ኮሚቴው ውስጥ «ይህ ይፋ ይወጣል እንዴ?» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ወጣ። ያንን ሪፖርት ያነበቡ አንድ መሐንዲስ ደውለው ከዚያ ወዲያ ዕቃውን ሁሉ በነፃ እያዩ አስገዙን።

በመጀመሪያው ዙር ቃል ገብተው የሸሹንም ጉዳይ ነበር። ደብዳቤ ጻፍንላቸው። «ያኔ ከአቅም በላይ ጠይቀናችኋልና ይቅርታ። የቀድሞው ቃል ተሰርዟል። አሁን የፈለጋችሁትን መጠን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል» ነው የሚለው። ልቅሶ ቤት አንገቱን የደፋው ጓደኛዬ 8 ሺህ ይዞ መጣ። ቡና ጠጣን።

መምህርቷ የስም መጥሪያ ደብተሩን በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አሳየችን። ምልክቱ አልጠፋም፤ ልጅ ይታመማል፣ እቤት ለሥራ ይቀራል። ግን ያ በየወሩ የሚደረደረው ነገር ቀርቷል።

እሺ፣ ብዙ አወራሁ። አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ለየኮሚቴው አንድ አንድ ደብተር አምጥቻለሁ። እባካችሁ አስተላልፉልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራቱን ዓምድ አስምሩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሌላ ሰው ስም እንዳትጽፉ። የራሳችሁን ስም ጻፉ፣ ከጎኑ መጠኑን፣ ከዚያ የምትከፍሉበትን ቀን። ሌላውን ለመጠየቅ የምንሄደው እሱን ከሞላን በኋላ ነው።

እስክሪብቶ ያልያዘ አለ?